አርባ ጆንያ፣ አርባ አረንጓዴ

ቡታጅራ ውስጥ ሰው እንባው ሲወርድ ካያችሁ ቶሎ አትዘኑ፤ መጀመሪያ በርበሬ ተራ አጠገብ መሆን አለመሆናችሁን አረጋግጡ። የዚያን ሐሙስ ጠዋት ግን ሐጂ ሀያቱ የሚያለቅሱት ከልባቸው ነበር። ባዶ መጋዘናቸው መሃል ቆመው፣ ቆባቸውን በእጃቸው ጨምድደው፣ "ተዘረፍኩ! በጠራራ ፀሐይ፣ እየሳቅኩ፣ እየመረቅኩ ተዘረፍኩ!" እያሉ ይጮኻሉ።

ኢንስፔክተር ማስተዋል ገና አንድ እግሯን እንዳስገባች አስነጠሳት። ከኋላዋ የቆመው ሳጅን ተካ ደግሞ ማስነጠሱ ተደጋግሞበት በሩን ተደገፈ። ጡረታ ሊወጣ ጥቂት የቀረው ሰው ነው፤ በርበሬ ተራ ስትወስደው ሁልጊዜ እንደ በደል ይቆጥርባታል።

"ሐጂ፣ እስቲ ይረጋጉ። ምን ጠፋ?"

"አርባ ጆንያ በርበሬ! አንድ ፍሬ ያልሻገተበት!"

"ማን ወሰደው?"

"ኪዱ፤ የወልቂጤው ባለወፍጮ። ትናንት ከሰዓት በአይሱዙ መጣ፤ ጫነ፤ ከፈለ፤ ሄደ።"

"ከከፈለ ታዲያ ምኑ ላይ ነው ዝርፊያው?"

"ከፍሎ አልከፈለማ!"

ማስተዋል ሳጅን ተካን አየችው፤ ተካ ጣሪያውን አየ። ሐጂ አንዲት ታብሌት ከጠረጴዛው ላይ አንስተው ሰጧት። ነገሩን ሲያስረዱ እንዲህ ነው፦ ሴት ልጃቸውን ሰልሚያን ያጨው ራምዚ ወልቂጤ ውስጥ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይሠራል። ለአማቱ መጋዘን የክፍያ አፕ ሠራላቸው። ገዢው ስልክ ቁጥሩንና የሚስጥር ቁጥሩን ታብሌቷ ላይ ይነካል፤ "ክፍያው ተሳክቷል" የሚል አረንጓዴ ይበራል፤ ገንዘቡ ሐጂ ባንክ ባላቸው ሒሳብ ይገባል። ሁለት ወር በደህና ሲሠራ ቆየ። ዛሬ ጠዋት ሐጂ ባንክ ሄደው ቢጠይቁ ከትናንቱ ሽያጭ አንድ ሳንቲም አልገባም።

"ስንት ጊዜ አረንጓዴ በራ?" አለች ማስተዋል።

"አርባ ጊዜ ነዋ! እኛ ቤት ከአባቴ ጀምሮ ጆንያ በጆንያ ነው። አንድ ጆንያ ይወጣል፣ ዋጋው ይገባል፣ ከዚያ ሁለተኛው ይነሳል። ድምር የሚባል ነገር አናውቅም። ሸይጣን የሚገባው ድምር ላይ ነው!" ሐጂ እንባቸውን ጠረጉ፤ እጃቸው በርበሬ ስለነካ ይብሱኑ አቃጠላቸው። "አርባ ጊዜ አረንጓዴ! ይቺ ታብሌት ትናንት አንዴም አላስቸገረችኝም፤ ወላሂ እንደ በግ ነው የዋለችው።"

ሚዛኑ አጠገብ የቆመችው ሰልሚያ ይሄን ስትሰማ ቅንድቧን ብድግ አደረገች። የአባቷን የሽያጭ ሥራ የምትመራው እሷ ናት። ትናንት ግን ለሠርጉ ጉዳይ ቤት ነው የዋለችው።

ማስተዋል ታብሌቷን አገላብጣ አየቻት። ከላይ ጠርዟ ላይ በወርቅማ ቀለም "ማሻአላህ" የሚል ተለጣፊ አለ። ቀና ስትል ያው ተለጣፊ በሩ ላይ አለ፤ ሚዛኑ ላይ አለ፤ የማራገቢያው እግር ላይ ሳይቀር አለ። እነዚያ ሁሉ በርበሬ ጠጥተው ቀልተዋል። የታብሌቷ ግን ያበራል። ራሷ ታብሌቷም ታበራለች።

"ማን ይመስልዎታል ሐጂ?"

"መጠየቁስ! ራምዚ ነዋ! ገንዘቤን ወደ ራሱ ኪስ የሚያዞር ቧንቧ ዘርግቶብኛል። እሁድ ኒካ ሊታሰር ነበር፤ ቀርቷል! ልጄን ለሌባ አልሰጥም!" ብለው ጠረጴዛውን በቡጢ ሲደልቁት መሳቢያው ቷ ብሎ ተከፈተ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ብቅ አለ። ሐጂ ሳያዩት በጉልበታቸው ገፍተው ዘጉት።

"አባ፣ ራምዚ ትናንት ከሰዓት ወልቂጤ ልብስ ሰፊ ቤት ነው የዋለው" አለች ሰልሚያ። "ሱፉን በቪዲዮ ሲያሳየኝ ነበር።"

"በስልክ አይሰረቅም ያለሽ ማነው?"

ፖሊሶቹ ሲወጡ ሰልሚያ በሩ ድረስ ተከተለቻቸው። ዓይኖቿ ቀልተዋል፤ ከበርበሬው ይሁን ከልቧ ማስተዋል መለየት አልቻለችም።

"ኢንስፔክተር፣ እስከ እሁድ ካልተጣራ አባቴ ያለውን ያደርጋል። በዕድሜው 'ተሳስቻለሁ' ብሎ አያውቅም። እኔ ደግሞ ራምዚን ካጣሁ..."

"እንደርሳለን" አለቻት ማስተዋል። ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው ቃል መግባቷን ያወቀችው።

*

ገና መኪና ውስጥ ሳይገቡ ስልክ ተደወለ። ከቡኢ ፖሊስ ጣቢያ ነው። በርበሬ የጫነ አይሱዙ ከትናንት ማታ ጀምሮ መንደር ውስጥ ቆሟል።

"ይኸው!" አለ ተካ። "ወልቂጤ የሚሄድ መኪና ቡኢ ምን ይሠራል? ቡኢ የአዲስ አበባ መንገድ ነው። በርበሬው መርካቶ ሊገባ ነው!"

"ታዲያ ሌባ መንገድ ላይ ያድራል እንዴ ጋሽ ተካ?"

"ደክሞት ይሆናላ።"

ቡኢ ሲደርሱ አይሱዙውን ለማግኘት ሰው መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። የማስነጠስ ድምፅ እየተከተሉ ሄዱ። መኪናው አንድ የቆርቆሮ ቤት ደጃፍ ላይ ተገትሯል፤ አርባውም ጆንያ እንዳለ ነው። ሹፌሩ ምንተስኖት ግቢው ውስጥ ተቀምጦ የሕፃን ልብስ ያጥባል። ፖሊስ ሲያይ ዘሎ ተነሳ፤ አረፋው እስከ ክርኑ ነው።

"የታለ በርበሬውን የምታደርስበት?" አለው ተካ በቁጣ።

"ጋሼ፣ ሚስቴ ወለደች! ጭነን ስንጨርስ ነው የደወሉልኝ። ጋሽ ኪዱ በሚኒባስ ቀድሞ ሄዶ ነበር፤ እኔ ልጄን አንዴ ዓይቼ እመለሳለሁ ብዬ መሪውን ወደዚህ አዞርኩት።"

"ስልክህንስ ለምን ዘጋህ?"

"ጋሽ ኪዱ እንዳይሰድበኝ ነዋ።"

አማቱ ከቤት ብቅ አሉ። "እናንተ ፖሊሶች፣ እባካችሁ ይሄን ሰውዬ ከነበርበሬው ውሰዱልኝ! አራስ ቤት ደጃፍ በርበሬ አቁሞ መንደሩን ፈጀው! ሕፃኗ እንኳ ዓይኗን ሳትገልጥ አስነጠሳት!"

ማስተዋል ሳቋን ዋጥ አድርጋ ገባችና አራሷን "እንኳን ማርያም ማረችሽ" አለቻት። ተካ ከኪሱ ብር አውጥቶ ለሕፃኗ አስጨበጠ፤ ሲወጣ ግን ፊቱን መልሶ አኮሳተረ።

"ንዳ! ወደ ወልቂጤ! ከኋላህ ነን!"

ምንተስኖት እጁን በሱሪው እየጠረገ መሪ ጨበጠ። የቡኢ መንደር በእልልታ ሸኘው፤ ለልጁ ይሁን ለበርበሬው መሄድ አልታወቀም።

*

ወልቂጤ ሲገቡ ኪዱ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሟል። ዱቄት ጸጉሩን ሽበት አስመስሎታል። አይሱዙውን ሲያይ ሮጠ፤ ፖሊሶቹን ሲያይ ደግሞ እጃቸውን ሊስም ቃጣው።

"ሌባዬን አመጣችሁልኝ! እግዜር ይስጣችሁ! ጠዋት ነው እኮ እዚህ ጣቢያ ያመለከትኩት! ሹፌሩ በርበሬዬን ይዞ ተሰወረ ብዬ!"

"አቶ ኪዱ" አለች ማስተዋል፣ "የተከሰሱት እኮ እርስዎ ነዎት።"

"እኔ? ምን አድርጌ?"

"በርበሬ ሳይከፍሉ ወስደው።"

ኪዱ አውራ ጣቱን ቀሰረ። "አርባ ጊዜ የሚስጥር ቁጥሬን የነካሁት ምንድነው ታዲያ? አውራ ጣቴ እስካሁን ያመኛል! ይኸው፣ እይው!"

"ከባንክ የመጣ መልእክት አለ? ገንዘብዎ ሲቀነስ ይልክልዎ የለም?"

"አልመጣም። ኔትወርክ ነው ብዬ ዝም አልኩ። እዚህ አገር ስልክ ዝም ሲል ማን ይጠረጥራል?"

"እስቲ ሒሳብዎን ይዩት።"

ኪዱ መነጽሩን አጠለቀ። ስልኩን አራቀ፣ አቀረበ። ከዚያ ቀስ ብሎ ከጆንያው ላይ ተቀመጠ።

"ሁሉም አለ" አለ በሹክሹክታ። "አንድ ብር አልተነካም።"

ማንም ገንዘብ አልሰረቀም ማለት ነው። ገንዘቡ መጀመሪያውኑ ከኪዱ ኪስ አልወጣም።

"ላም አለኝ በሰማይ!" አለ ተካ። "ሐጂ አርባ ላም በሰማይ ሲያልቡ ዋሉ!"

"ወይም አቶ ኪዱና ራምዚ ተማክረው አሳልበዋቸዋል" አለች ማስተዋል፣ ዓይኗን ከኪዱ ሳትነቅል።

ሰውየው እንደ ተነደፈ ተነሳ። "እኔ? ሐጂ ሀያቱን? አባቴ ሲሞት ከቡታጅራ ድረስ መጥተው ሦስት ቀን ድንኳን የተቀመጡ ሰው ናቸው! ያልከፈልኩበት በርበሬ ጉሮሮዬን ይዝጋው! አሁኑኑ እከፍላለሁ፤ እዚሁ፣ ዓይናችሁ እያየ!"

ስልኩን አንስቶ ወደ ሐጂ ሒሳብ መላክ ጀመረ። እዚያም ጆንያ በጆንያ ነው፤ ከሐጂ ጋር የቆየ ሰው ድምር አያውቅም። የአንዱን ከፈለ፤ ቲን ብሎ የባንክ መልእክት ገባ። የሁለተኛውን ከፈለ፤ ቲን አለ። ወዲያው የተካ ስልክ ጮኸ።

"ሳጅን!" ይላሉ ሐጂ ከቡታጅራ። "ገንዘብ መግባት ጀምሯል! ሌባው ፈርቶ እየመለሰ ነው! ያዙት፣ እንዳይለቃችሁ!"

ኪዱ ጥቂት ጆንያ ከከፈለ በኋላ ግን ስልኩ በቀይ ጻፈ፦ የዕለቱ የዝውውር ገደብዎ ታልፏል።

"ይኸው! ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርገኝ" አለ ኪዱ። "ባንኩ በቀን ከዚህ በላይ አልፈቅድም ይላል። ዕቃ በገዛሁ ቁጥር መሃል ላይ ነው የሚያቆመኝ። ትናንት ግን አንዴም..."

ማስተዋል የምትጽፍበትን ብዕር አቆመች።

"ትናንት አንዴም እምቢ አላለዎትም?"

"አንዴም። አርባውንም እሺ አለኝ። እንዲያውም ዛሬ ቀናኝ ብዬ ነበር።"

"ጋሽ ተካ፣ ተነስ" አለች ማስተዋል።

"ምን ተገኘ?"

"የጎደለ ነገር። ትናንት አንድ ሰው እምቢ ማለት ነበረበት፤ አላለም።"

*

የራምዚ ቢሮ አንድ ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ከወንበሩ ጀርባ አዲስ ጥቁር ሱፍ በላስቲክ እንደተሸፈነ ተሰቅሏል። ራምዚ ነገሩን ከሰልሚያ ሰምቶ ኖሮ ከንፈሩ ደርቋል።

"አሰላሙ አለይኩም፣ ግቡ። እኔ ገንዘብ አልነካሁም፣ ኢንስፔክተር። ወላሂ!"

"አውቃለሁ፤ ገንዘቡ ኪዱ ጋ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። በአንድ ቀን አርባ ክፍያ ከአንድ ሰው ሒሳብ፣ አንዴም ገደብ ሳይነካ፣ ይሄ በአንተ አፕ ይቻላል?"

የልጁ ፊት አመድ መሰለ። "በእውነተኛው አይቻልም" አለ ቀስ ብሎ።

"እውነተኛ ያልሆነ አለ?"

ራምዚ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። "ታብሌቶቹ ሁለት ናቸው። አንዷ እውነተኛዋ ናት። አንዷ የሙከራ ናት። ልጆች ሱቅ ሱቅ ሲጫወቱ በቅጠል ይገዛሉ አይደል? በሙከራዋ የሚከፈለው እንደዚያ ነው፤ የቅጠል ብር ነው። ማንኛውንም የሚስጥር ቁጥር ትቀበላለች፤ አረንጓዴ ታበራለች፤ ከማንም ሒሳብ ምንም አይወጣም።"

"ለምን ትጠቅማለች?" አለ ተካ።

"ደንበኛ ገደቡን ሲያልፍ አፑ ምን ያደርጋል? ይደናገጣል? ሁለቴ ያስከፍላል? ሰውየውን ምን ይለዋል? በሰው ገንዘብ መሞከር ስለማይቻል በቅጠሉ ነው የምሞክረው። የሙከራዋ ታብሌት ከሃያ ሺህ ብር በላይ በአንዴ ከተነካባት እምቢ ትላለች፤ እምቢታውን እንዳጠናበት ተብሎ የተቀመጠ ጣሪያ ነው። እኔም በዚያ ተማመንኩ። በርበሬ የሚገዛ ሰው በመኪና ነው የሚገዛው፤ ድምሩን ሲነካ እምቢ ትለዋለች፤ ስለዚህ ሰው በስህተት ቢያነሳት እንኳ አይሸጥባትም ብዬ ደመደምኩ።"

"የአንዱ ጆንያ ዋጋ ግን ከሃያ ሺህ በታች ነው" አለች ማስተዋል። "ሐጂ ደግሞ ድምር አያውቁም።"

ራምዚ ጭንቅላቱን ያዘ። "አማቴ እኮ ናቸው! ጆንያ በጆንያ ሲሸጡ ስንቴ ቆሜ አይቻለሁ! አፑን ስሠራ ግን እሳቸውን አላሰብኩም፤ ድምር የሚያውቅ ነጋዴ ነው ያሰብኩት።"

"የሙከራዋ የት ነው የምትቀመጠው?"

"ቡታጅራ፣ መጋዘኑ ውስጥ። መሳቢያ ተቆልፎባት።"

"ቁልፉስ?"

"ሰልሚ..." አለና አፉን ያዘ። አንገቱን ደፋ። ቀና ሲል ድምፁ ተቀይሯል። "እኔ ጋ ነው። እኔ ነኝ የቀየርኳቸው። ትናንት ቡታጅራ ሄጄ ቀየርኳቸው። እሰሩኝ።"

ማስተዋል ወደ ሱፉ ዞረች። "ያምራል። ሱሪው አላጠረህም?"

"አጥሮኝ ነበር፤ ትናንት ከሰዓት ሙሉ ተገትሬ ነው ያስተካከሉት..." አለና ደረቀ።

"ፕሮግራም ላይ ጎበዝ ነህ ይላሉ" አለችው። "ውሸት ላይ ግን ገና ሙከራ ላይ ነህ። ተነስ።"

ይሁን እንጂ ያመነ ሰው ያመነ ነው፤ ቃሉን ሰጥቶ ወልቂጤ ጣቢያ አደረ። ማስተዋል ያቺን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም። ልጁ እየዋሸ ነው፤ የሚዋሸው ግን ቁልፉ ያለው ሰልሚያ ጋ ስለሆነ ነው። ያቺ ዓይኗ የቀላ ልጅ የገዛ አባቷን አታለለች ብሎ ማመን ከበዳት። ለምንስ ታደርገዋለች? ሠርጓ እኮ ነው!

*

አርብ ጠዋት በአረቅጥ በኩል ተራራውን አቋርጠው ተመለሱ። ጭጋጉ የመኪናውን መስታወት ያለብሰዋል። ኋላ ወንበር ላይ ራምዚና ኪዱ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ተቀምጠዋል፤ ኪዱ "ሐጂ ዓይኔን ሳያዩ አላምንም ይላሉ" ብሎ አብሮ መጥቷል።

"አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ" አለ ተካ ወደ ኋላ እያየ። "ይሄ ልጅ ዳዋው ነው። አይጧን ግን አላገኘናትም።"

ማስተዋል ያቺን የምታበራ ታብሌት እያሰበች ነው። በርበሬ መጋዘን ውስጥ ሁለት ወር የኖረ ነገር ሁሉ ቀይ ነው፤ እሷ ብቻ ንጹሕ ነበረች። ንጹሕ መሆኗ ከመሳቢያ እንደወጣች ይናገራል። ግን ላይዋ ላይ ደግሞ... ድንገት ጉልበቷን መታች።

"ጋሽ ተካ፣ ሌባ የሚሰርቅበትን ዕቃ ይመርቃል?"

"እንዴት ማለት?"

"ግድ የለም፣ ንዳው!"

ሐጂ ለጁምዓ ነጭ ለብሰው መጋዘናቸው በር ላይ ቆመዋል። ሰልሚያ ራምዚን በሁለት ፖሊስ መሃል ስታየው እጇ ላይ የነበረውን የቁልፍ ጥምር ጣለችው።

"ልቀቁት!" አለች። "የመሳቢያው ቁልፍ እኔ ጋ ነው። እኔ ነኝ ያደረግኩት!"

"ሰልሚያ፣ ዝም በይ!" አለ ራምዚ። "አምኛለሁ እኮ!"

"አንተ ዝም በል! እሮብ ዕለት ሱፍ ስትለካ ነው የዋልከው!"

"ጉድ ፈላ!" አለ ተካ። "ሁለት ሌባ አለን፤ የተሰረቀ ነገር ግን የለንም!"

ሐጂ ሀያቱ ግን አልሳቁም። ቀለማቸው ጠፋ። "ልጄ?" አሉ። "የኔ ሰልሚያ?" ሚዛኑ ላይ ተቀመጡ።

ማስተዋል ጠጋ አለቻቸው። አሳዘኗት። ግን መጠየቅ ነበረባት።

"ሐጂ፣ እዚህ መጋዘን ውስጥ ማሻአላህ የማይለጠፍበት ነገር አለ?"

"የለም" አሉ ግራ ገብቷቸው። "በዓይን ነገር አልጫወትም።"

"ማነው የሚለጥፈው?"

"እኔ ነኛ። ሌላ ሰው አላስነካም፤ በቢስሚላህ ነው የሚለጠፈው።"

ታብሌቷን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ሰጠቻቸው። "ይቺኛዋ ላይስ?"

"ይቺም ላይ እኔው ነኝ። ትናንት ወዲያ ጠዋት ነው የለ..." ቃሉ ግማሹ አፋቸው ውስጥ ቀረ።

"እሮብ ጠዋት? አፑ ከመጣ እኮ ሁለት ወር ሆኖታል ሐጂ። በእርስዎ እጅ የተለጠፈ ነውና በእርስዎ እጅ ያንሱት።"

ሐጂ ተለጣፊውን በጥንቃቄ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ ከጠርዙ አላቀቁትና በልብሳቸው ደረት ላይ ለጠፉት። ከሥሩ በቢጫ ፊደል የተጻፈ ነገር ብቅ አለ፦ ለሙከራ ብቻ።

"የዚህ ጠረጴዛ መሳቢያ ተቆልፏል" አለች ማስተዋል። "ቁልፉ ሰልሚያ ጋ ነው። እርስዎ ግን ቡጢ አለዎት።"

ሐጂ እጃቸውን አዩት። ከዚያ ጠረጴዛቸውን አንዴ ደለቁት። መሳቢያው ቷ ብሎ ተከፈተ። ማስተዋል ጋዜጣውን ስትፈታው ከላይ እስከ ታች በበርበሬ የቀላች፣ ማሻአላህዋ የደበዘዘ ሌላ ታብሌት ወጣች፤ ብናኙም ተነሳ። ፖሊሱም፣ ባለወፍጮውም፣ ሙሽሮቹም አንድ ላይ አስነጠሱ።

"ያቺኛዋ እምቢተኛ ናት!" አሉ ሐጂ በመጨረሻ፤ እንደ ተያዘ ሕፃን ፊታቸው ቀልቶ። "ማክሰኞ ዕለት አንድ የአረቅጥ ነጋዴ ፊት በቀይ ጮኸችብኝ! 'ገደብ ታልፏል፣ ውድቅ' አለችኝ! እኔን፣ ሀያቱን፣ በገዛ መጋዘኔ ውድቅ! ራምዚ መሳቢያ የሚከታትን ሲነካካት ደግሞ አያታለሁ፤ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ ሁልጊዜ አረንጓዴ። ይሄ ልጅ ጨዋዋን ለራሱ ደብቆ ባለጌዋን ሰጠኝ ብዬ... እሮብ ጠዋት ቀየርኳቸው። ገንዘቤን ያስቀረችው እሷ ትሆናለች ብዬ በምን ልጠርጥር? እሺ ብቻ ነበር የምትለው!"

"ሐጂ" አለች ማስተዋል በለስላሳ ድምፅ፣ "ባለጌ ያሏት ናት የምትጠብቅዎ። 'አልችልም' ያለችው የሰውየው ባንክ ስላልቻለ ነው። ይቺኛዋ ግን ቀኑን ሙሉ እሺ እያለች በቅጠል አሸጠችዎ።"

ኪዱ ጉሮሮውን ጠረገ። "ቀሪውን ዛሬ ባንክ ቤት አብረን ሄደን እጨርሳለሁ ሐጂ። እዚያ በመስኮት ነው፤ ስልክ የለበትም።"

ሐጂ አልሰሙትም። ራምዚን እያዩ ነው። ልጁ በጣቢያ ወለል ላይ አድሮ ሸሚዙ ተጨማድዷል፤ አንድ ጆሮው ላይ አቧራ አለ። ይሄን ሁሉ የቻለው ለማን እንደሆነ አሁን ገባቸው። ከሚዛኑ ተነሱ። ጎረቤት ነጋዴዎች በሩን ሞልተውት ነበር፤ ሴቶቹ ወንፊታቸውን እንደያዙ ቆመዋል።

"ልጄ" አሉ ሐጂ። "ሌባ አልኩህ። አሳሰርኩህ። ተሳስቻለሁ።" ሰልሚያ አፏን በሻርፗ ሸፈነች። "እኔ እምቢ ሲሉኝ የማልወድ ሰው ነኝ፤ ይሄ ሁሉ የመጣው በሱ ነው። አሁን አንተ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ አንዴ እምቢ በለኝ። ይገባኛል።"

ራምዚ ሰልሚያን አየ። ከዚያ ወደ አማቱ ዞረ።

"እምቢ፣ አባባ።"

ሐጂ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ኒካው ቀርቷል ብለውኛል። እምቢ! እሁድ ነው!"

በርበሬ ተራ በእልልታ አስተጋባ። ሐጂ ልጁን ጎትተው ደረታቸው ላይ ሲለጥፉት ነጭ ልብሳቸው ላይ የነበረው ማሻአላህ ራምዚ ሸሚዝ ላይ ተላለፈ። እያለቀሱ ይስቃሉ። "አልሃምዱሊላህ! እንዲህ ያለ እምቢታ ማን አይቶ ያውቃል!" ይላሉ። ተካ መሀረቡን አውጥቶ ዓይኑን ሲጠርግ ማስተዋል አየችው።

"በርበሬው ነው" አላት።

*

እሁድ ኒካው ታሰረ። ማስተዋልና ተካ ተጠርተው ሄዱ። ምንተስኖት ጭነት ያልያዘ አይሱዙ ይዞ መጣ፤ አማቱ እንዲያ ካልሆነ አትሂድ ብለውታል።

ከምሳ በኋላ ራምዚ፣ ጥቁር ሱፉን እንደለበሰ፣ ቀይዋን ታብሌት አማቱ ፊት አስቀመጠ። ቅዳሜ ዕለት እሱና ሰልሚያ የእምቢታዋን ቃል ቀይረውታል። ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው፣ ተጋባዡ ሁሉ እየሰማ፣ ጮክ ብለው አነበቡት፦

"ሐጂ፣ አፉ ይበሉኝ። የደንበኛዎ የዛሬ ገደብ ሞልቷል። በርበሬውን ያቆዩትና ቀሪውን ነገ ይቀበሉ፣ ኢንሻአላህ።"

"ሐጂ አለችኝ!" አሉ ዙሪያቸውን እያዩ። "ሰማችሁ? አፉ በሉኝ ብላ ይቅርታ ጠየቀችኝ! እንዲህ በሥርዓት ስትናገርስ መቶ ጊዜ እምቢ ትበለኝ!"

እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተው አዲስ የወርቅ ተለጣፊ አወጡ። ላዩን እፍ ብለው ወደ ታብሌቷ ጠርዝ ሲያመሩ ራምዚና ሰልሚያ ከሁለት በኩል አንድ ላይ ጮኹ።

"ከኋላ፣ አባባ! ከኋላዋ!"

ሐጂ ታብሌቷን ገለበጧት፤ ቢስሚላህ ብለው ከጀርባዋ ለጠፉት።